በጅማ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሰጥ የክረምት የንድፍና ቴክኖሎጂ ሥልጠና፦ የወላጅ ግምገማ

በጅማ ከተማ የሚገኝ አንድ የግል ማሠልጠኛ ከሦስተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች በክረምት የሚሰጠውን የንድፍና ቴክኖሎጂ ሥልጠና ልጄን አስመዝግቤ በቅርብ ተከታትዬዋለሁ። ሥልጠናው ልጆቹን በቀጥታ ኮምፒውተር ፊት ከማስቀመጥ ይልቅ ከእርሳስ፣ ከማስመሪያና ከካርቶን መጀመሩን ትልቁ ብልጫው አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ልጆቹ በመጀመሪያ የሚሠሩት ዕቃ ለማን እንደሚጠቅም ይጠየቃሉ፤ ከዚያም ረቂቁን ሥለውና ልኬቱን ጽፈው ይሠሩታል፣ ይፈትሹታል፣ ያልሆነላቸውንም ራሳቸው ያሻሽሉታል።

ከሁሉም የላቀው የቡና ማድረቂያ አልጋ ሞዴል የሠሩበት ክፍለ ጊዜ ነበር። ጅማ ላደገ ልጅ አልጋው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለምን ከመሬት ከፍ ተደርጎ እንደሚሠራ ግን ብዙዎቹ አስበውበት አያውቁም። አስተማሪዋ መልሱን ከመናገር ይልቅ አንዱን እርጥብ ጨርቅ በጠረጴዛ፣ ሌላውን በወንፊት ላይ አስጥታ የትኛው ቀድሞ እንደሚደርቅ እንዲከታተሉ አደረገች፤ አየር ከታችም ጭምር ሲዘዋወር እርጥበቱ ቶሎ እንደሚለቅ ልጆቹ በዓይናቸው ካዩ በኋላ፣ ቀስ ብሎ የደረቀ ቡና ለሻጋታ እንደሚጋለጥ ስታስረዳቸው ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ከቀርከሃ ስንጥር ያሰሩት ባለ አራት ማዕዘን ማዕቀፍ ሲገፉት ወደ ጎን ያጋደለ ጊዜም፣ አንድ ስንጥር ከማዕዘን ወደ ማዕዘን አጋድመው በማሰር አጸኑት። ሦስት ማዕዘን የጎኖቹ ርዝመት እስካልተለወጠ ድረስ ቅርጹን እንደማይለቅ በዚህ መንገድ የተረዳችው ልጄ፣ እቤት ያለውን የሚወዛወዝ መደርደሪያ አይታ ምን እንደሚጎድለው ነግራኛለች።

ይህን ያህል ከአካባቢው ሕይወት የሚነሣ ትምህርት፣ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ አለማንሣቱ አስቆጭቶኛል። ሦስት እግር ወጣ ገባ በሆነ ወለል ላይ እንኳ ሁልጊዜ መሬት ስለሚነካ አይንገዳገድም፤ አንድ እንጨት ጠራቢ ተጋብዞ ይህን ቢያሳያቸው ለትልቅ ትምህርት ይበቃ ነበር።

የኮምፒውተሩ ክፍል መጠነኛ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የወጣውና ልጆች የትእዛዝ ብሎኮችን እያገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበት ስክራች አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራና ገጹን በአማርኛ ማድረግ ስለሚቻል ጥሩ ምርጫ ነው። 25 ትንንሽ መብራቶችና ሁለት ቁልፎች ያሉት ማይክሮቢት የተባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ደግሞ ፕሮግራሙ ከተጫነበት በኋላ በባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም ልጆቹ ሙከራቸውን አላቋረጡም። ሰሌዳዎቹ ግን ጥቂት በመሆናቸው ደፋሮቹ ሲይዟቸው ዝምተኞቹ ተመልካች ሆነው ቀርተዋል።

ሁለት ነገሮች በአስቸኳይ ሊታረሙ ይገባል። ልጆቹ ይዘውት የሚመለሱት የመመሪያ ወረቀት በአማርኛ ብቻ የተዘጋጀ በመሆኑ በአፋን ኦሮሞ የሚማሩት እቤት ሲደርሱ ለብቻቸው ሊሠሩበት ይቸገራሉ፤ አስተማሪዎቹ በክፍል ውስጥ በሁለቱም ቋንቋ ማስረዳታቸው ይህን ክፍተት አይሞላውም። ከዚህም የሚከፋው ለወላጆች ከተዘጋጀው ኤግዚቢሽን በፊት አስተማሪዎቹ የተንጋደደውን በራሳቸው እጅ ማቃናታቸውና ማጣበቃቸው ነው። እኔ ለማየት የፈለግሁት የልጄን የመጀመሪያ ረቂቅ፣ የፈረሰውን ሞዴልና የተሻሻለውን ጎን ለጎን ነበር። ለሚቀጥለው ክረምት ልጄን መልሼ አስመዘግባታለሁ፤ ሌሎች ወላጆችም ሲያስመዘግቡ የልጆቹ ሥራ ሳይነካ እንዲቀርብ አብረውኝ ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።