የገሪማ ወንጌል ወይስ የሐይቁ?

ደሴ ላይ የጥንት ብራና ወሬ ከተነሳ ሁሉም በአድዋ አጠገብ ባለው አባ ገሪማ ገዳም የሚገኘውን የገሪማ ወንጌል ነው የሚጠራው። በዕድሜስ ማን ይደርስበታል! የካርቦን ምርመራው ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከግሪክ የተተረጎመው ወንጌል በጥንቱ ግዕዝ ምን ይመስል እንደነበር ለማየት ከሱ የሚሻል የለም።

እኔ ግን ለሐይቁ ወንጌል አደላለሁ። እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ በ1280 ገደማ (በአውሮፓ አቆጣጠር) በገዳሙ አበምኔት በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን የተጻፈ ነው። የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕል ሙሉ ገጽ ይዟል፣ ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍትም ተዘርዝረውበታል፤ ወንጌሉ የገዳሙ መዝገብም ሆነ ማለት ነው። ገሪማም በኋላ የተጨመረ ጽሑፍ አለው፣ እሱን አልክድም። የግዕዙ ወንጌል ንባብ ራሱ ከዐረብኛው ወንጌል ጋር እየተያየ በሰፊው የታረመው ደግሞ ከሁለቱም በኋላ ነው፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ።