ኢየሩሳሌም ላይ «አንድ ብቻ ነው ያለኝ» የሚላችሁን የሳንቲም ነጋዴ ተጠንቀቁ

በኢየሩሳሌም አሮጌው ከተማ የጥንት ሳንቲም ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ ይህን አንብቡ። ንዴቴ ገና አልበረደም፤ አነጋገሬ ከረር ካለ ይቅርታ። 1,400 ሸቀል ተበልቻለሁ። ገንዘቡ ያማል። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሰውዬው ፊቴ ላይ የሳቀው ሳቅ ነው።

የሱቁን ዓይነት ታውቁታላችሁ። ጠባብ፣ መስኮቱ ላይ የሸክላ ኩራዝ የተደረደረበት፣ ግድግዳው ላይ የቅርስ ንግድ ፈቃድ በመስታወት ተደርጎ የተሰቀለበት። ገና ስትገቡ ሻይ በናና ይመጣል። «ይሄ የቱሪስት ነው፣ ላንተ ሌላ አለኝ» ይባላል። ከጠረጴዛው ሥር መሳቢያ ይሳባል።

እኔ የምሰበስበው አማልክት የተቀረጹባቸውን የሮማ ሳንቲሞች ነው። ፊት ለፊቱ ላይ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ንጉሥ ነው፤ ወሬው ያለው ጀርባው ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥት ዶሚጥያኖስ የጥበብና የጦርነት አምላክ ሚነርቫ ትጠብቀኛለች ብሎ ስለሚያምን የብር ዲናሮቹ ላይ ጦር አስይዞ ደጋግሞ አስቀርጿታል። ቆስጠንጢኖስ እንኳ፣ የንግሥት እሌኒ ልጅ፣ እ.ኤ.አ. በ312 ሮም ደጃፍ ላይ ተቀናቃኙን ድል ካደረገ በኋላ ለዓመታት የፀሐይን አምላክ ሳንቲሙ ላይ ሲያወጣ ነበር። ይሄኛው በብዛት ስለተሠራ ዛሬም በርካሽ ይገኛል። እናቴ ሳጥኔን ባየች ቁጥር «ጣዖት ሰበሰብክብኝ» ትላለች። ልክ ናት፣ ምን ይባላል።

ስፈልገው የኖርኩት ፋኔባልን ነበር። የምኖረው አሽቀሎን ነው፣ የመጽሐፍ ቅዱሷ አስቀሎና። በሮማ ዘመን ከተማዋ የራሷን የነሐስ ሳንቲም ታወጣ ነበር። ከፊቱ ንጉሠ ነገሥቱ፣ ከጀርባው የከተማዋ የጦር አምላክ ፋኔባል፣ ቆልማማ ጎራዴ ሽቅብ አንስቶ፣ ጋሻና የዘንባባ ዝንጣፊ ይዞ። በየቀኑ የምሄድበት የባሕር ዳርቻ አምላክ ነው እኮ! እንዴት አያምረኝ?

ሰውዬው ከመሳቢያው ያወጣልኝ የሮማው ንጉሠ ነገሥት የሐድሪያን ዘመን ፋኔባል ነበር። ጠቆር ያለ ነሐስ፣ ጎድጎድ ያለው ቦታ ሁሉ የበረሃ አሸዋ የያዘ። ጠርዙ ላይ፣ በንጉሡ አገጭ ትይዩ፣ አንዲት ስንጥቅ አለች። ጀርባው ላይ ደግሞ የጋሻውን ጫፍ ነክታ የምታልፍ ጭረት። እነዚህን ልብ በሉልኝ።

«አባቴ ከ1978 በፊት አሽቀሎን አጠገብ ከአንድ ገበሬ የገዛው ነው» አለኝ። እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት መባሉ አይግረማችሁ። በዚያ ዓመት የወጣው የእስራኤል የቅርስ ሕግ ከዚያ ወዲህ የተገኘ ቅርስ የመንግሥት ነው ስለሚል፣ የነጋዴው ሁሉ አባት የገዛው ከ1978 በፊት ነው። «አንድ ብቻ ነው ያለኝ፤ ለልጄ ያስቀመጥኩት ነበር» ብሎ ጨመረ። ከ1,800 ወርዶ በ1,400 ጨረስን፤ በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ብሎ። ደረሰኝ ጽፎ አጥፎ ሰጠኝ። ሲሸኘኝ ጀርባዬን ቸብ ቸብ አደረገኝ።

ከዚያ ጓደኛዬ ከዋሽንግተን ዲሲ ለጉብኝት መጣ። ስለ ሳንቲም የሚያውቀው የለም፤ ለወንድሙ የጥንት ነገር መግዛት ፈለገና እዚያው ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ሻይ መጣ። ሰውዬው አላወቀኝም። ሐበሻ ሁሉ አንድ ይመስለዋል መሰለኝ። «ይሄ የቱሪስት ነው» አለ። መሳቢያውን ሳበ። ጥቁር ጨርቅ አነጠፈና አንድ ሳንቲም በሁለት ጣቱ፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ፣ አስቀመጠ።

ሐድሪያን።

ገለበጥኩት። ፋኔባል። መጀመሪያ እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ሁለተኛ ተገኘ ብዬ። ከዚያ ስንጥቋን አየኋት። አገጩ ትይዩ። ጭረቷም አለች፣ የጋሻውን ጫፍ ነክታ። ከዘንባባው ላይ የተበላችው ቅጠል እንኳ የተበላችው በዚያው ቦታ ነው። ጆሮዬ ጭው አለ።

ነገሩ ለማያውቅ ምንም ላይመስለው ይችላል። የሮማ ሳንቲም የሚሠራው አንድ በአንድ ነው። ድቡልቡል ብረት በሁለት የተቀረጹ ማኅተሞች መካከል ይቀመጥና በመዶሻ ይመታል። ከአንድ ማኅተም የወጡ ሁለት ሳንቲሞች ምስላቸው አንድ ሊሆን ይችላል። ስንጥቃቸው ግን አንድ አይሆንም፤ ስንጥቁ የሚመጣው በዚያች ምት ነው። ጭረቱማ ከዚያ በኋላ በሰው እጅና በመሬት ውስጥ የመጣ ነው። ሁለት ሳንቲም አንድ ዓይነት ስንጥቅ፣ አንድ ዓይነት ጭረት፣ አንድ ዓይነት የተበላ ቦታ ካላቸው፣ ከአንድ እናት ሳንቲም ቅርጽ ተወስዶ ነሐስ እየቀለጠ የፈሰሰባቸው ናቸው። ፎርጂድ።

ሰውዬው ግን ወሬውን ቀጥሏል። «አባቴ ከ1978 በፊት አሽቀሎን አጠገብ...» ገበሬው መጣ። ልጁ መጣ። «አንድ ብቻ ነው ያለኝ» መጣች፤ ጭንቅላቱን በዚያው ወገን ዘንበል አድርጎ፣ ድምፁን በዚያው ቦታ ዝቅ አድርጎ። ጓደኛዬ አፉን ከፍቶ ያዳምጣል። እኔም ያኔ እንደዚያ ነበርኩ ማለት ነው።

የኔን ለጓደኛዬ ላሳየው ኪሴ ይዤው ነበር። አወጣሁና ጨርቁ ላይ ካለው ጎን አስቀመጥኩት። ምንም አላልኩም።

ሰውዬው አየ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ እኔን አየ። ይደነግጣል ብዬ ጠበቅኩ። ጭራሽ ሳቀ! ጥግ ላይ ስልኩን ወደሚነካካው ሠራተኛ ዞሮ በዕብራይስጥ «የሮም ሊቅ መጣልህ» አለው። ያኛውም ቀና ሳይል ሳቀ። ቋንቋውን የማልሰማ መስሏቸው ነው እንዳልል፣ የገዛሁት በዕብራይስጥ ተከራክሬ ነው።

ገንዘቤን መልስ አልኩት። ደረሰኙን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት። በጣቱ አንዲት መስመር ነካና ወደኔ አዞረው። በእጅ ጽሑፍ፣ ዶሮ የጫረው በሚመስል ጽሕፈት፣ «የመታሰቢያ ዕቃ» ይላል። ሐድሪያን የለም። አሽቀሎን የለም። ጥንታዊ የሚል ቃል የለም። «መታሰቢያ ሸጥኩልህ፣ ታስታውሰናለህ» አለኝ። ሙድ ያዘብኝ! ጓደኛዬ ጎትቶ ባያስወጣኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ጥጥ በአሴቶን ነክሬ ጠረግኩት። የበረሃው አሸዋ በሙጫ የተለጠፈ ኖሯል፤ ከነሙጫው ተላጦ ጥጡ ላይ ቀረ። ከሥሩ ያለው ነሐስ በመርፌ የተወጋ በሚመስሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ብረት ቀልጦ ሲፈስ የቀሩ የአየር አረፋዎች ናቸው። ጠርዙን ዙሪያውን በሞረድ ሞርደውታል። ለማን ብለው እንደለፉ እንጃ።

ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ እሱን አልጠራጠርም። ፈቃድ ያለው ሰው መሳቢያው ውስጥ ምን እንደሚያስቀምጥ ግን ወረቀቱ አይናገርም። ለቅርሶች ባለሥልጣን አቤቱታ ጽፌያለሁ፤ መልስ ገና ነው።

ለምትገዙ፦ ደረሰኙ ላይ የንጉሡ ስም፣ ከተማውና «ጥንታዊ፣ እውነተኛ» የሚል ይጻፍ፤ ከሱቁ ሳትወጡ አንብቡት። በካርድ ክፈሉ። ከአገር ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ የመውጫ ፈቃዱን ሻጩ እንዲያወጣ ጠይቁ፤ ፎርጂድ የሚሸጥ ሰው እዚህ ላይ ሰበብ ያበዛል።

የሱቁን ስም እዚህ አልጽፍም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ጓደኛዬ ሰውዬው ሳንቲሙን ከጨርቁ ላይ ላፍ ከማድረጉ በፊት ሁለቱን ጎን ለጎን ፎቶ አንስቷቸዋል፤ እሱንም እልክላችኋለሁ። መሳቢያው ውስጥ ሦስተኛ ካያችሁ ደግሞ አንሱና ላኩልኝ፤ አቤቱታው ላይ እጨምረዋለሁ።