ሃርድ ዲስካችሁ ቀጭ ቀጭ ካለ እኚህን ሰው ፈልጉ

ይህን ጽሁፍ ልጽፍ ካሰብኩ ከወር በላይ ሆነኝ። ልጄ ስትተኛ እጀምራለሁ፣ ስትነቃ እተወዋለሁ። ዛሬ ግን ሳልጨርሰው አልነሳም። ትናንት አንዲት ጓደኛዬ ደውላ «ኮምፒውተሬ አልነሳ አለኝ፣ አንድ ቦታ ልወስደው ነው» አለችኝ። የት እንደሆነ ስጠይቃት እኔን አራት ቀን ያቃጠሉኝ ሰዎች ጋ ሆኖ አገኘሁት። ጮኼ አስቆምኳት። ለሷ ብቻ ከምነግራት ለሁላችሁም ልንገራችሁ ብዬ ነው።

የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። ቤት ውስጥ፣ በአንድ የስፌት መኪና። ሠራተኛ የለኝም፤ ቆራጭም፣ ሰፊም፣ ሒሳብ ያዥም እኔው ነኝ። የደንበኞቼ ልኬት፣ ማን ቀብድ እንደሰጠ፣ ማን ቀሪ እንዳለበት፣ የማን ልብስ መቼ እንደሚደርስ፣ ሁሉም አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነበር። ድሮ በደብተር ነበር የምይዘው። እርጉዝ ሆኜ ቤት ሳጸዳ «ከእንግዲህማ ዘመናዊ ሆኛለሁ» ብዬ ደብተሮቹን በገዛ እጄ ጣልኳቸው። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ልጄ ስትወለድ ላፕቶፑ ሌላ ኃላፊነት ተጨመረለት። ስልኬ ሞልቶ ነበር። ጉግል በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይትም ሞልቶ በየቀኑ ቦታ የለም እያለ ይጨቀጭቀኛል። ስለዚህ የልጄን ፎቶና ቪዲዮ፣ የተወለደችበትን ቀን ጨምሮ፣ በሙሉ ወደ ላፕቶፑ አዛውሬ ከስልኬ አጠፋሁት። ሌላ ኮፒ አልነበረኝም ወይ? አልነበረኝም። አራስ ስለ ኮፒ አታስብም። ጨቅላ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ቀሪውን ሰዓት እናንተው አስሉት። እኔ በዚያ ሰሞን ፀጉሬን የታጠብኩት ዛሬ ይሁን ከትናንት ወዲያ ግራ ይገባኝ ነበር።

የ7 ሳምንት ልጅ ሳለች አንድ ሌሊት በአንድ እጄ እሷን አቅፌ በሌላው ትእዛዝ ስመዘግብ ብርጭቆ ውኃ ኪቦርዱ ላይ ደፋሁ። ብዙ አልነበረም። ቶሎ ጠረግኩት፣ ገልብጬ አደረቅኩት፣ ሠራ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስከፍተው ስክሪኑ ጥቁር ነው። ከውስጡ ድምፅ ይመጣል። ቀጭ። ቀጭ። ቀጭ። ከዚያ ጸጥ። ደግሞ ቀጭ። በሦስት ሳምንት ውስጥ ለአንድ የትምህርት ቤት ዝግጅት የ14 ልጆች ልብስ ማስረከብ ነበረብኝ። ልኬታቸው እዚያ ውስጥ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩበትን ቦታ ስም አልጠራም። የተቀበለኝ ልጅ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «ፎርማት ነው የሚፈልገው» አለኝ። ውስጡ ያለውስ ብለው «እሱማ ይጠፋል፣ ግን ንጹህ ይሆንልሻል» አለ። ንጹህ! ይዤው ልወጣ ስል ሌላው መጥቶ «ተይው፣ እንሞክረዋለን» አለኝ። አራት ቀን አስቀመጡት። በደወልኩ ቁጥር «እያየነው ነው» ይሉኛል። በኋላ እንደገባኝ ማየት ማለት ማብራትና ማጥፋት፣ ማብራትና ማጥፋት ነበር። ልወስደው ስሄድ ከጀርባው ሦስት ብሎን ጎድሏል። ስጠይቅ «ድሮም አልነበረውም» ተባልኩ።

ሁለተኛው ቦታ ባለቤቴን ይዤ ሄድኩ። ባልወሰድኩት ኖሮ ይሻል ነበር። ላፕቶፑ የኔ፣ ሥራው የኔ፣ የምጠይቀው እኔ፤ ሰውየው ግን የሚመልሰው ለባለቤቴ ነው። ስለ ውኃው ሳልደብቅ ስነግረው ወደ ባለቤቴ ዞሮ «በቃ፣ እመቤቲቱ አጥበውታል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ «ዳታው አልቆለታል፣ እርሱት» አለ። ለዚህች ቃል የምርመራ ብሎ አስከፈለን። ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ምንም አልተናገረኝም። ምነው በተቆጣኝ አልኩ። ማታ ሕፃኗን እያጠባሁ አለቀስኩ። የልጄን የመጀመሪያ ቀናት በገዛ እጄ በውኃ ያጠፋሁ መሰለኝ።

የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ደውሎ «ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ ይነሳል» አለን። ከምሩ ነው። እኔም ተስፋ የቆረጠ ሰው ምን አይሞክርም፣ በፌስታል ሁሉ ጠቅልዬው ነበር። ያዳነችኝ አንዲት ደንበኛዬ ናት። ልኬቷን እንደገና ልውሰድ ብዬ ስደውልላት «ያኔ የለካሽኝ ቀጭን ሳለሁ ነው፣ ያንኑ ስፊልኝ» አለች። ሳቅን። ነገሩን ስነግራት ግን ሳቋን አቆመች። «ጋሼ ጋ ሳትወስጂው ማንም እንዳይነካው» አለችኝ።

ጋሼ እላቸዋለሁ፣ ሁሉም ሰው የሚላቸው እንዲያ ነው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል፤ ብቻቸውን ስለሚሠሩ ሰው ከጎረፈባቸው አይችሉትም። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መብራት። እውነቱን ለመናገር ገና ሳያቸው ልቤ ወረደ። ፀጉራቸው ነጭ ነው። የመነጽራቸው እጀታ በክር ታስሯል። መደርደሪያው ላይ የድሮ ራዲዮኖች አሉ፤ ወጣት ሳሉ ራዲዮና ቴሌቪዥን ነበር የሚጠግኑት። «እኚህ ሰውዬ ደግሞ ኮምፒውተር የት ያውቃሉ?» ብዬ በሆዴ ፈረድኩባቸው። ይቅር ይበሉኝ።

ከመግባቴ ሕፃኗ ለቅሶዋን ለቀቀችው። እኔ በአንድ እጄ ላፕቶፑን ከቦርሳ እየጎተትኩ፣ በሌላው እሷን እያባበልኩ፣ ችግሩንም እያስረዳሁ። እጃቸውን አንስተው አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ መጀመሪያ ሕፃኗን። ይሄ የትም አይሄድም።»

የራሳቸውን ወንበር ጎትተው ጥግ ላይ አስቀመጡልኝ። ራዲዮናቸውን ዘጉ። በሩን ገርበብ አደረጉት። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ መስኮቱ ጋ ቆሙና ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ብሎን መለየት ጀመሩ። ትልቁን ከትልቅ፣ ትንሹን ከትንሽ። አጥብቼ እስክጨርስ አንድ ጊዜ ዞር አላሉም። ሌላ ደንበኛ ሲመጣ በሩ ላይ ጠብቀው በሹክሹክታ «ትንሽ ቆይተህ ና» አሉት። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ገና ምንም አልከፈልኩም፣ ማን እንደሆንኩም አያውቁም። በዚያ ሰሞን ቁጭ በይ ያለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ልጅቷ ስትተኛልኝ «አሁን ንገሪኝ» አሉ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ውኃውን፣ አራቱን ቀን፣ ፍሪዘሩን። አላቋረጡኝም። ፍሪዘሩ ላይ ብቻ ፈገግ ብለው «እንኳን አላስገባሽው፤ ሲወጣ ጤዛ ይይዘው ነበር» አሉኝ። ከዚያ ላፕቶፑን አበሩና ጆሯቸውን አስጠጉት፣ ልክ ሐኪም ደረት እንደሚያዳምጥ። ሦስት ሰከንድ ቢሞላ ነው። ወዲያው አጠፉት። «ሁለተኛ እንዳይበራ» አሉ። አራት ቀን ሙሉ ሲያበሩና ሲያጠፉት የከረሙት ሰዎች ያልሰሙትን በሦስት ሰከንድ ሰሙት!

የገባኝን ያህል ልንገራችሁ። ሃርድ ዲስክ ማለት ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። እንደኔው ዓይነት ውስጥ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ በደቂቃ 5,400 ጊዜ። ከላዩ ደግሞ የሚያነብ ክንድ አለ። ሲሠራ ሳህኑን አይነካውም፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጥፍ ያነሰ ነው። ያ ቀጭ ቀጭ ክንዱ የሚፈልገውን አጥቶ ሲመላለስ ነው። በዚህ ሁኔታ ላይ ባበራችሁት ቁጥር ሳህኑን ሊፍቀው ይችላል፣ የተፋቀ ደግሞ አይመለስም። ከዚህ ቀጥሎ ያሉኝን ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ ነው የሰማሁት። አልገባኝም፣ እንዲገባኝም አልጠየቅኩም።

ከዚያ ጀርባውን ፈቱና መብራቱን አስጠግተው «ነይ እይ» አሉኝ። በካቻቢቴያቸው ጫፍ እያሳዩኝ፦ «ውኃሽ የቀረው እዚህ ላይ ነው፣ ኪቦርዱ ስር። ዲስኩ ጋ አልደረሰም፣ ደረቅ ነው። ይሄ አርጅቶ ነው የደከመው። ውኃውን ባትደፊውም ቀኑ ደርሶ ነበር። ያንቺ ጥፋት የለበትም።»

እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። እሳቸውም እንዳላየ ሆነው ወደ ብሎናቸው ተመለሱ።

ቃል ግን አልገቡልኝም። ይህን በደንብ ስሙልኝ። «እሞክራለሁ» ነው ያሉኝ። መጀመሪያ ያለውን እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ እንደሚገለብጡት፣ ከዚያ ቅጂው ላይ እንደሚሠሩ፣ ዋናውን እንደማያስቸግሩት ነገሩኝ። «ሳህኑን መክፈት የሚጠይቅ ከሆነ ግን እኔ አልነካውም። አቧራ የሌለበት ልዩ ክፍል ይፈልጋል፣ እኔ ደግሞ የለኝም። ምንም ካልተገኘ አትከፍዪኝም።» ሰው የማይችለውን «አልችልም» ሲል ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

በመጨረሻ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «የቱ ይቅደምልሽ?» ደነገጥኩ። የሰው ቀብድ በልቻለሁ። ልኬቱ ይቅደም አልኳቸው። የልጄ ቪዲዮ እንዳለበት የነገርኳቸው በሩ ጋ ደርሼ ዞር ብዬ ነው። ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ።

በማግስቱ ማታ ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ከሳቸው ነው። ፋይሉን ስከፍተው «ልኬት የመጨረሻ የእውነት የመጨረሻ» ይላል። (አዎ፣ ስሙ እንደዚያ ነው። አትሳቁ፣ የናንተንም አውቃለሁ።) ከስሩ አንድ ቪዲዮ አለ። ልጄ በተወለደች በሁለተኛው ቀን ስታዛጋ። 11 ሰከንድ። ጋሼ እታች ላይ «ይቺን ደግሞ መንገድ ላይ አገኘኋት» ብለው ጽፈዋል።

ባለቤቴን ከእንቅልፉ ቀሰቀስኩት። ስንት ጊዜ ደጋግመን እንዳየነው አልናገርም።

ሁሉም አልተመለሰም። አንዳንዱ ፎቶ ግማሹ ብቻ ነው የወጣው። ከተወለደችበት ቀን አንዱ ላይ ግንባሯና የኔ ሁለት ጣቶች ይታያሉ፤ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ግራጫ ነው። አሳትሜ ከስፌት መኪናዬ በላይ ሰቅዬዋለሁ። ሒሳቡን ሲሠሩም ያልተገኘውን ቀንሰው ነው። ስከራከራቸው «ያልሰጠሁሽን አላስከፍልሽም» ብለው ዘጉኝ። የጎደሉትን ሦስት ብሎኖች ከዚያች ቆርቆሮ አውጥተው ገጥመውልኛል። የብሎኑንማ ጨርሶ አላነሱትም።

አሁን ላፕቶፔ ኤስኤስዲ የሚሉት አዲስ ዲስክ አለው፣ የሚሽከረከር ነገር የሌለበት። ድሮ እስኪነሳ ዳይፐር ቀይሬ እመለስ ነበር፣ አሁን ቁጭ ሳልል ይከፈታል። ግን እንዳትዘናጊ ብለውኛል። «ያኛው እየጮኸ ነው የሞተው። ይሄ ሲሞት ላይጮህ ይችላል።» ዊንዶውስ 10 የነበረውንም ወደ 11 ቀየሩልኝ። ለካ ማይክሮሶፍት ለ10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14፣ 2025 አቁሟል። ሁሉም አሮጌ ኮምፒውተር 11ን አይቀበልም፣ የኔ ለጥቂት አለፈ።

የካርቶን ቁራጭ ላይም እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። አሁን እሁድ እሁድ ማታ ልጄ ስትተኛ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ። ሌላው እናቴ ቤት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ደብተርም ገዝቻለሁ። ይህን ስነግራቸው ከልባቸው ሳቁ።

የ14ቱን ልጆች ልብስ እህቶቼ ተረባርበውልኝ በቀኑ አስረከብኩ። የአንዱ እጅጌ አጥሯል። እሱ ግን የላፕቶፑ ጥፋት አይደለም።

እባካችሁ፣ ድምፅ ካሰማ አጥፉት። አጥፉትና ተዉት። ውስጡ የምትፈልጉት ነገር እያለ ፎርማት የሚላችሁን ሰው እሺ አትበሉት። ጋሼ ጋ ሂዱ። ባለሙያ ማለት እሳቸው ናቸው፣ ሰው ማለትም እሳቸው ናቸው። የምትፈልጉ በግል ጠይቁኝ፣ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ፤ ፈቅደውልኛል። ቶሎ አያነሱም፣ እጃቸው ሥራ ይዞ ነው። ደግማችሁ ደውሉ። ከመሄዳችሁ በፊት ምን እንዲቀድምላችሁ እንደምትፈልጉ አስቡበት፣ ይጠይቋችኋል። ሕፃን ያላችሁ እናቶች ደግሞ ይዛችሁ ለመግባት አትፍሩ። ባለፈው ሳምንት ላመሰግናቸው ብቅ ብዬ ነበር፤ ወንበሩን ከጥጉ አላነሱትም።