ሊኑክስ ሚንት 22 ለኦንላይን ጌም፦ ከወራት በኋላ የቱ ይከፈታል፣ የቱ በር ላይ ይቀራል?

ማሽኑ ያገለገለ ላፕቶፕ ነው፤ 16 ጊጋ ራም፣ ጂቲኤክስ 1650 ካርድ፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ። በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ሚንት 22 የተባለው ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ተጭኖበት ደብረ ማርቆስ ላይ በሞባይል ዳታ ሲሠራ ወራት አልፈውታል። ፍርዱን ከወዲሁ ለመናገር፣ ዶታ 2፣ ካውንተር ስትራይክ 2 ወይም ኤልደን ሪንግ ለሚጫወት ሰው ዊንዶውስ አይናፍቀውም። ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ወይም ቫሎራንት ለሚጫወት ግን ሚንትን ብቻውን መጫን ዳታ ማቃጠል ነው።

ልዩነቱ የካርድ ወይም የራም ጉዳይ አይደለም፤ የአንቲቺት (ጌም ውስጥ ማጭበርበርን የሚከላከል ሶፍትዌር) ነው። የጌም መሸጫና ማስጀመሪያ የሆነው ስቲም የዊንዶውስ ጌሞችን ሊኑክስ ላይ የሚያስኬደው ባለቤቱ ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ፕሮቶን በተባለ ሶፍትዌር አማካይነት ነው። ኢዚ አንቲቺትና ባትልአይ የተባሉት አንቲቺቶች በ2021 ከፕሮቶን ጋር መሥራት ችለዋል፤ ቁልፉ ግን በጌሙ ባለቤት እጅ ነው። እሱ ካልፈቀደ እዚህ የምንነካካው ምንም ነገር አይከፍተውም። ዴይዚ በባትልአይ ይጠበቃል፣ ሊኑክስ ላይም ይሠራል። ጂቲኤ 5 ኦንላይን ያንኑ ባትልአይ በሴፕቴምበር 2024 ሲያስገባ ሊኑክስን ዘጋ። የታሪክ ክፍሉን ብቻ መጫወት የሚፈልግ ከማስጀመሪያው ላይ ባትልአይን አጥፍቶ ይገባል። ኤፔክስ ሌጀንድስ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ፣ አጭበርባሪዎች በሊኑክስ በኩል ይሸሸጋሉ በሚል ምክንያት በኦክቶበር 2024 ተዘግቷል። ስለዚህ ዛሬ የሚሠራ ጌም ነገም ይሠራል ብሎ በውስጡ ዕቃ በገንዘብ መግዛት አያዋጣም።

የቫሎራንቱ ቫንጋርድና የኢኤ አንቲቺት የተለየ ነገር ናቸው። ሳሎን ተቀመጥ ሲባል ጓዳ ካልገባሁ የሚል እንግዳ ዓይነት ናቸው፤ ሾፌራቸውን ዊንዶውስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ውስጥ ካልጫኑ አይነሡም። ፕሮቶን የሚሠራው ከከርነል ውጭ ስለሆነ የሚያስገባበት ጓዳ የለውም። ኤፍሲ 24 እና 25 ለብቻ ለመጫወት እንኳ የማይከፈቱት በዚህ ምክንያት ነው። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስም በ2024 ቫንጋርድ ሲገባበት በዚሁ ቀርቷል። በቨርቹዋል ማሽን (ሊኑክስ ውስጥ ዊንዶውስን በሚያስኬድ ፕሮግራም) ወይም ማንነት በሚደብቅ ፕሮግራም ለመሸወድ መሞከር ትርፉ ባን (ከጌሙ መታገድ) ነው፤ የዴስቲኒ 2 ባለቤቶች እንዲያውም ይህን በግልጽ ጽፈው አስጠንቅቀዋል።

የሚሠሩትን በተመለከተ፣ ካውንተር ስትራይክ 2 እና ዶታ 2 ለሊኑክስ በቀጥታ የተሠሩ ስለሆኑ ፕሮቶንም አያስፈልጋቸው፤ የቫልቭ አንቲቺት ያለ ምንም ጣጣ ይሠራል። ፌስኢት በተባለው የካውንተር ስትራይክ መወዳደሪያ መድረክ ላይ ለሚወዳደር ግን አይሆንም፤ የእሱ አንቲቺት ለዊንዶውስ ብቻ ነው።

የጎጃም ተጫዋች ትልቁ ወጪ ዳውንሎድ ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 በስቲም ገጹ ላይ 85 ጊጋ ባዶ ቦታ ይጠይቃል። ጓደኛ ዊንዶውስ ላይ ካለው የጌሙን ፎልደር በሃርድ ዲስክ አምጥቶ ስቲም ጌሞችን በሚያስቀምጥበት ስቲምአፕስ ፎልደር ውስጥ ካለው ኮመን ላይ መገልበጥ፣ ከዚያ ኢንስቶል መጫን ይበቃል። ስቲም ያለውን ፋይል መርምሮ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። የፎልደሩ ስም በፊደል እንኳ መለወጥ የለበትም፤ ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን የእንግሊዝኛ ፊደል ይለያል። የዚህ ጌም ፎልደር ደግሞ እስከ ዛሬ በድሮው ስም፣ ግሎባል ኦፌንሲቭ ተብሎ ነው የሚገኘው። በአዲሱ ስም ፎልደር የፈጠረ ሰው ስቲም ከዜሮ ሲያወርድበት ያያል።

ከሃርድ ዲስኩ መገልበጥ ይቻላል እንጂ እዚያው ላይ ማስኬድ አይሞከርም። በዊንዶውሱ ፎርማት፣ ኤንቲኤፍኤስ፣ በሆነ ዲስክ ላይ ፕሮቶን የሚፈጥራቸው የፋይል ማገናኛዎች ስለሚበላሹ ጌሙ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህን የአንቲቺት ችግር ያስመስለዋል። ጌሙ የሚሠራበት ዲስክ የሊኑክሱ ፎርማት፣ ኢኤክስቲ4፣ ይሁን።

ኢዚ አንቲቺት ስህተት ሲያወጣ መጀመሪያ የሚታየው የስቲም ላይብረሪ ውስጥ፣ ቱልስ በሚለው ማጣሪያ ሥር፣ የፕሮቶን ኢዚ አንቲቺት ራንታይም (ማስኬጃ ፋይሎቹ) መጫኑ ነው። ባትልአይም የራሱ አለው። ብዙውን ጊዜ በራሳቸው ይወርዳሉ፤ ኔት መሃል ላይ ከተቆረጠ ግን ጎዶሎ ሆነው ይቀራሉ። ቀጥሎ የጌሙን ፋይሎች ማስመርመር ነው። ያም ካልሠራ ስቲምአፕስ ሥር ባለው ኮምፓትዳታ (ፕሮቶን የየጌሙን ፋይሎች የሚያስቀምጥበት ፎልደር) ውስጥ የጌሙን ቁጥር የያዘውን ፎልደር ማጥፋት ይቻላል፤ የኤልደን ሪንግ 1245620 ነው። ሴቭ የተደረገው ጨዋታ እዚያው ውስጥ ስላለ ሳይገለብጡ ማጥፋት የለፉበትን ሁሉ ይዞ ይሄዳል።

መብራት በሚመላለስበት አካባቢ የቆየ ዴስክቶፕ ላይ ሌላ ነገር አለ። ሰዓቱን የሚይዘው የማዘርቦርዱ ሲአር2032 ባትሪ ሲደክም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑ ወደ ኋላ ዓመታት ይመለሳል። የሰርቨሮችን ማንነት የሚያረጋግጡት ሰርቲፊኬቶች ገና ያልጸደቁ መስለው ስለሚታዩ ግንኙነቱ ውድቅ ይሆናል። ኔት እንደተገናኘ ሚንት ሰዓቱን ራሱ ያስተካክላል፤ ያንን ሳይጠብቁ ጌም አለመክፈት ነው። ባትሪውን መቀየር ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ሚንትን የመረጥንበት ምክንያት ለውጥ ለመቀበል ዝግ ማለቱ ነው። በ2022 ግሊብሲ 2.36 (የሊኑክስ ፕሮግራሞች የሚጋሩት መሠረታዊ ኮድ) አንድ የቆየ የፋይል ክፍል ሲያስቀር፣ አዲስ ሶፍትዌር ቶሎ ቶሎ በሚቀበሉ እንደ አርች ያሉ ሊኑክሶች ላይ ኢዚ አንቲቺት ያላቸው ጌሞች በድንገት መከፈት አቁመው ነበር። ሚንት እንዲህ ያለ ለውጥ የሚያስገባው ሌላው ሞክሮት ካለፈ በኋላ ነው።

ኤፍሲን መተው የማይችል ሰው ዊንዶውስን ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ ከ512 ጊጋው 200 ያህሉን ለእሱ መተው ይበቃል። ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሣ ያልተፈረመ ሶፍትዌር እንዳይገባ የሚከለክለው መቆጣጠሪያ) እንዲበራ የሚጠይቁ እንደ ባትልፊልድ 6 ያሉ ጌሞች ዊንዶውሱ ላይ ካሉ እሱን ማጥፋት አይቻልም፤ በርቶም ቢሆን ሚንት ይነሣል። የኤንቪዲያ ካርዱ ሾፌር ሲጫን ግን አዲስ የይለፍ ቃል እንዲወጣ ይጠየቃል፤ ማሽኑ ሲነሣም ለጥቂት ሰከንድ ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። እዚያ ላይ ኤንሮል ሞክ (የሾፌሩን ቁልፍ መመዝገቢያ) የሚለውን መርጦ ያንኑ ይለፍ ቃል ማስገባት ግድ ነው። ገጹ ካመለጠ ሾፌሩ አይነሣም፤ ጌሙም ቢከፈት እየተንቀረፈፈ ነው።