ጂሙ ጥሩ ነው፣ ሰሌዳው ግን ይነሳ

ስድስት ወር ስፖርት ስለሠራሁበት አንድ የሀዋሳ ጂም ነው የምጽፈው። ስሙን አልጠራም። የምወቅሰው ነገር እዚያ ብቻ ያለ አይመስለኝም፤ ሌላ ቦታ የሚሠሩ ጓደኞቼም ያንኑ ነው የሚነግሩኝ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ቦታው ንጹሕ ነው። ትሬድሚሎቹ ይሠራሉ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ቶሎ ይነሳል፣ ሻወሩም አብዛኛውን ጊዜ ውሃ አለው። በወር 1,800 ብር ነው የከፈልኩት፤ የሦስት ወሩን አንዴ ለሚከፍል ትንሽ ይቀንሳሉ። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያለው ኤሮቢክስ ደግሞ በጣም ደስ ይላል። ላባችሁን ጠርጋችሁ ስትወጡ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ይቀበላችኋል፣ ቀኑን ሙሉ ቀለል ብሏችሁ ትውላላችሁ።

አሁን ወደ ሰሌዳው። መግቢያው ጋ፣ ከሚዛኑ በላይ፣ ነጭ ሰሌዳ ተሰቅሏል። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁላችንም እንመዘናለን፣ አሰልጣኙም ስማችንን ከነኪሎአችን ይጽፋል። የቀነሰ በአረንጓዴ፣ የጨመረ በቀይ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ አረንጓዴ ነበርኩ፤ ከ86 ኪሎ 78 ገባሁ፣ ተጨበጨበልኝ። አራተኛው ወር ላይ ቆመ። አምስተኛው ላይ 2 ኪሎ ጨመርኩ። አሰልጣኙ ቀዩን ማርከር ከፍቶ 80 ብሎ ጻፈና፣ ከኋላዬ ወረፋ የያዙት ሁሉ እየሰሙ፣ «ቁርጠኝነት የለሽም፣ አፍሽን መያዝ አቅቶሽ ነው» አለኝ። እኔ እኮ በዚያ ሳምንት አምስት ቀን ሠርቻለሁ። የቡና ቁርስ ዳቦ ሳልነካ ተነስቻለሁ። ዘመድ ቤት ቡርሳሜ የሚባለው የእንሰት ምግብ በቅቤ ቀርቦልኝ፣ ሁለቴ ጎርሼ እጄን ታጥቤያለሁ፤ ሲዳማ ቤት ተጋብዞ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ ይገባዋል።

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ።

ሰውነት ስቡን ሲያጣ ዝም ብሎ አያይም። እ.ኤ.አ. በ1994 በኒውዮርክ የጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኘ። የሚያመነጨው ራሱ ስቡ ነው፤ ለአንጎል «ስንቅ አለ፣ አትጨነቅ» እያለ መልእክት ይልካል። ስቡ ሲያንስ መልእክቱም ያንሳል። አንጎል ረሃብ የገባ ይመስለዋል፣ የመብላት ፍላጎትን ከፍ፣ የሚቃጠለውን ጉልበት ደግሞ ዝቅ ያደርጋል። የእኛን ሰሌዳ ይበልጥ ያስታወሰኝ ግን ሌላ ጥናት ነው። አሜሪካ ውስጥ ማን ብዙ ይቀንሳል ተብለው በቴሌቪዥን ከተወዳደሩት ሰዎች 14ቱን ተመራማሪዎች ከስድስት ዓመት በኋላ መረመሯቸው፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ወጣ። አብዛኞቹ ከቀነሱት ብዙውን መልሰው ጨምረዋል። የሚገርመው፣ ሰውነታቸው እረፍት ላይ ሆኖ በቀን የሚያቃጥለው በእነሱ ልክና ዕድሜ ካለ ሰው ከሚጠበቀው በ500 ካሎሪ ገደማ ያንስ ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ! ታዲያ ይሄን ቁርጠኝነት ማጣት ነው የምንለው?

ይህን ስል እኔ የለሁበትም ማለቴ አይደለም። አለሁበት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ከድስቱ የተረፈውን ቆሜ የምበላው እኔ ነኝ። በየቀኑ ከምሳ ጋር የምጠጣውን ለስላሳ የተውኩትም እኔ ነኝ፣ ማንም አልተወልኝም። ምን እንደምገዛ፣ ስንት ሰዓት እንደምተኛ፣ ጠዋት መነሳት አለመነሳቴ የእኔ ድርሻ ነው፣ በዚህ ጠይቁኝ። ምን ያህል እንደሚርበኝና ሰውነቴ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ግን በእጄ አይደለም። ሚዛኑ ሁለቱን ደባልቆ አንድ ቁጥር ነው የሚያወጣው፣ እዚያ ሰሌዳ ላይ ግን ቁጥሩ የጠባይ ማርክ ሆኖ ይጻፋል።

ስመዘገብ የጠየቁኝ ቁመት፣ ክብደትና ስልክ ብቻ ነው። የምወስደው መድኃኒት ካለ የጠየቀኝ አልነበረም። በስድስተኛው ወር የማታዋ አሰልጣኝ፣ ትሬድሚሉ ላይ ፊቴ ጠቁሮ አይታኝ፣ ፎጣ አቀብላኝ አጠገቤ ተቀመጠች። «እህቴ፣ እንቅልፍ ትተኛለሽ? የምትወስጂውስ ነገር አለ?» አለችኝ። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ነው የምወጋው። «እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ጤና ጣቢያ ጠይቂ» አለች። ሄድኩ። ነርሷ መርፌው አንዳንድ ሴቶችን ክብደት እንደሚያስጨምር ነገረችኝ፣ ሌሎቹን አማራጮችም በእርጋታ አስረዳችኝ። ክብደት ሊቀይር የሚችለው የአንገት እጢ፣ የታይሮይድ፣ ምርመራም ታዘዘልኝ፣ ደህና ሆኖ ወጣ። ጭማሪው በመርፌው ነው ብዬ አልምልም፤ ግን ከአምስተኛው ወር ስድብ የአንድ ደቂቃ ጥያቄ በለጠብኝ።

የምግብ ፕሮግራም ብለው የሚሰጡት ወረቀትም መስተካከል አለበት። ብሮኮሊ፣ አጃ፣ የዶሮ ደረት ይላል። ሽሮ የለበትም፣ ጎመን የለበትም፣ ጾም የሚባል ነገር የተሰማም አይመስልም። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣው ከጀልባ እየወረደ ሀዋሳ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ማደል ያሳዝናል።

ሰሌዳው እንዲነሳ ሥራ አስኪያጁን ጠይቄ ነበር። «ሰው ይነሳሳበታል» አለኝ። አጠገቤ ትሠራ የነበረች ልጅ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ቀይ ከተጻፈባት ወዲህ አልመጣችም።

ከአምስት ሦስት ኮከብ እሰጣለሁ፤ አንዱ ለማታዋ አሰልጣኝ ብቻ ነው። እኔ ለሌላ ሦስት ወር አድሻለሁ፣ በማታው ፈረቃ። ከሄዳችሁ የማታውን ጠይቁ፤ ኪሎአችሁ ሰሌዳው ላይ እንዳይጻፍ ደግሞ ገና ስትመዘገቡ ንገሯቸው። እኔ ስነግራቸው ስሜን ከሰሌዳው ላይ አጥፍተውልኛል።