ለሌሊቱ ባጃጅ ሹፌራችን ምስጋና፣ ለድሬ ነፍሰ ጡሮችና ለሌሊት ተረኞች ደግሞ ጥቆማ

ሰላም የድሬ ልጆች። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ስማቸውንም ስልካቸውንም አደባባይ እንዳላወጣ ስለጠየቁኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ማዋለጃ ክፍል ያለነው ሁላችንም የምንጠራቸውም እንደዚያ ነው። ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

እኔ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ። ተራዬ ሲደርስ ኮል (የሆስፒታሉን ጥሪ) የምጠብቀው ቤቴ ሆኜ ነው። ሌሊቱን ሆስፒታል የሚያድሩት ጠቅላላ ሐኪሙና አዋላጆቹ ናቸው፤ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥማቸው ይደውሉልኛል። «ዶክተር፣ ደሙ አልቆመም» ከተባልኩ በኋላ ያለው ጊዜ የኔ አይደለም፣ የእናትየው ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ከባድ የደም መፍሰስ ደህና የነበረችን ሴት በ2 ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። አዋላጆቹ ማህፀንን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ይሰጣሉ፣ ማህፀኗን ያሻሉ፣ ከወሊድ በኋላ በ3 ሰዓት ውስጥ መሰጠት ያለበትን ደም የሚያስቆም መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ በደም ሥሯ ያስገባሉ። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይቆማል። ካልቆመ ግን ኦ.አር (ቀዶ ሕክምና ክፍል) መግባት አለባት፣ ለዚያ ደግሞ እኔ መድረስ አለብኝ።

በሙያችን «ሦስቱ መዘግየቶች» የምንላቸው አሉ፤ እናቶችን የሚገድሉት እነሱ ናቸው። አንዱ ወደ ሕክምና ለመሄድ እስኪወሰን የሚጠፋው ጊዜ ነው፣ አንዱ መንገድ ላይ የሚጠፋው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከተደረሰ በኋላ ሕክምናው እስኪጀመር የሚጠፋው። ሦስተኛው በተነሳ ቁጥር የሚወራው ስለ ደም፣ ስለ መድኃኒትና ስለ መሣሪያ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና የሌላት ሐኪም በምን ትምጣ ብሎ የሚጠይቅ ግን አልገጠመኝም። ይህን ክፍተት የሞሉልን ጋሼ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ የሚሰማኝ ከዚህ በፊት ሰሜን፣ ዋግ ኽምራ በኩል፣ ከከተማ ርቆ ባለ ሆስፒታል ጠቅላላ ሐኪም ሆኜ ስለሠራሁ ይመስለኛል። እዚያ ዲዩቲ (ተረኝነት) ከባድ ነበር። ሐኪሞቹ ጥቂት ስለነበርን አንዳችን ሥልጠና ከሄደ የቀረው ቀኑም ሌሊቱም ተያይዞበት ይከርማል፤ ያደረ ሰው ጠዋት ሞርኒንግ (የሐኪሞች የጠዋት ስብሰባ) ገብቶ፣ ተመላላሽ አይቶ፣ ማታ እንደገና ተረኛ ይሆናል። መኖሪያችን ግን ግቢው ውስጥ ነበር። ነርሷ መስኮት ስትመታ ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ብሮጥ ወዲያው እደርሳለሁ። መከራው ሪፈር ስንጽፍ፣ በሽተኛ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ስንልክ ነበር፤ ወልድያ ወይም ደሴ ድረስ ተራራ ለተራራ የብዙ ሰዓት መንገድ ነው። ድሬ ስመጣ ነገሩ ተገለበጠ። ኦ.አሩም፣ ሰመመን ሰጪውም፣ ደም ባንኩም ቅርብ ሆነው እኔ ራሴ ሩቅ ሆንኩ። ቤቴ ከተማዋን ለሁለት ከሚከፍለው ከደቻቱ አሸዋማ ወንዝ ወዲህ፣ ሆስፒታሉ ከወዲያ ነው።

ጋሼ የድሮ የምድር ባቡር ሰው ናቸው፣ ለሰዓት ያላቸው ክብርም ከዚያ የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀን ተኝተው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ ይወጣሉ። ስደውል «አቤት ዶክተር፣ መጣሁ» ይላሉ እንጂ ሌላ ነገር አይጠይቁም። ከመነሳታቸው በፊት ለሆስፒታሉ ዘበኛ ደውለው በሩን ያስከፍታሉ፤ ከሳቸው ጋር ሄጄ በር ላይ ቆሜ አላውቅም። ክረምት ላይ ደግሞ ማዶ ላሉት ሹፌሮች እየደወሉ ደቻቱን ያጣራሉ። ድሬ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ደጋው ላይ በዘነበው ብቻ ጎርፍ ሊመጣ እንደሚችል የ1998ቱን ክረምት ያየ ሰው አይረሳውም። ጋሼ በጨለማ አሸዋው ላይ አይወርዱም፣ በድልድዩ ይዞራሉ።

በቅርቡ አንዲት መንታ የወለደች እናት ደሟ አልቆም ብሎ ተጠራሁ። ደም ያስፈልጋት ነበር፣ የሆስፒታሉ መኪና ደግሞ ሌላ በሽተኛ ይዞ ወጥቷል። እኔ ኦ.አር ስገባ ጋሼ ማንም ሳይጠይቃቸው የደም መጠየቂያ ወረቀቱንና የማቀዝቀዣ ሳጥኑን የያዘውን ሠራተኛ አሳፍረው ወደ ደም ባንክ ሄዱ። ሠራተኛው ሳጥኑን ጭኑ ላይ እንዳቀፈ ኦ.አር በር ድረስ አመጣው። ማህፀኗ ሳይወጣ ደሙ ቆመ፣ ልጆቿም ደህና ናቸው። ጠዋት ላመሰግናቸው ስወጣ ጋሼ የሉም፤ የወላዷን እናት ይዘው አጥሚት ሊያመጡ ሄደዋል ተባልኩ። በኋላ የደም ባንኩን ጉዞ ልክፈል ብላቸው «እሱማ የኔ ነው» ብለው እምቢ አሉኝ።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ታነብልዎታለች። እኔም፣ አዋላጆቹም፣ እነዚያ እናቶችም እናመሰግንዎታለን። አቦ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን!

ፈጣን ሹፌር ለሚፈልግ ሰው ጋሼን አልጠቁምም። ቀስ ብለው ነው የሚነዱት፤ ቶሎ የሚያደርሱት ቶሎ ስለሚነሱ ነው። የሌሊት ሒሳባቸው ከቀኑ ትንሽ ይበልጣል፣ ግን ሳትሳፈሩ ይነግሯችኋል፣ መንገድ ላይ አይጨምሩም። ሆቴል፣ ፋርማሲ ወይም ፋብሪካ አምሽታችሁ የምትወጡ ሴቶች፣ ከሳቸው ጋር በወር ተስማሙ። ቤታችሁ በር ተከፍቶ እስክትገቡ አይንቀሳቀሱም።

ነፍሰ ጡር ያለባችሁ ቤቶች ደግሞ ቁጥራቸውን አሁኑኑ ያዙ። ደም ከታየ፣ የእንሽርት ውኃ ከፈሰሰ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ወይም የጽንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ «እስኪነጋ» አትበሉ። ራሷን የሳተች ወይም የምትንፈራገጥ ከሆነ የሚያስፈልጋት አምቡላንስ ነው፤ ጋሼም ይህንኑ ይነግሯችኋል፣ አምቡላንሱ ሰፈሩ ጠፍቶት እንዳይዞርም ዋናው መንገድ ላይ ወጥተው ይመሩታል። የመውለጃዋ ቀን ሲቃረብ አንድ ማታ ጠርታችሁ ቤታችሁን አሳዩዋቸው። መግቢያውን በጨለማ ማየት ይፈልጋሉ፣ ለዚህም ገንዘብ አይቀበሉም።