የኮኮናት ቃጫ መረብ ለጥንት የአፈር ምሽግ ጥገና፦ ዕቃው ግሩም፣ መመሪያው አደገኛ

መረቡ የሚመረተው በዋናነት ለመንገድና ለወንዝ ዳር ተዳፋት ነው። የመካከለኛው ዘመን የአፈር ምሽግ ሲሸረሸርም ከእሱ የተሻለ መጠገኛ ማግኘት ይከብዳል። ከ757 እስከ 796 መርሲያ የተባለውን የጥንት የእንግሊዝ ግዛት በገዛው በንጉሥ ኦፋ ስም የሚጠራውን፣ በእንግሊዝና በዌልስ ወሰን አካባቢ የተዘረጋውን የአፈር ግንብ እንውሰድ። የእግረኛ ጫማ፣ በጎችና ጥንቸሎች ሣሩን ካነሡበት በኋላ ቀሪውን የሚጨርሰው ዝናብ ነው። መረቡ አዲሱ ሣር ሥር እስኪሰድ አፈሩን ይይዛል፤ ከዚያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በስብሶ ይጠፋል።

በካሬ ሜትር 400፣ 700 እና 900 ግራም የሚመዝን አለ። ለቁልቁል ቦታ የሚሻለው 700ው ነው፤ 400ው ስስ ነው፣ የ900ው ዓይን ደግሞ ጠባብ ስለሆነ ሣሩን ያፍናል። 2 በ50 ሜትር የሆነው የ700 ጥቅል 70 ኪሎ ይመዝናል። ትራክተር ምሽጉ ላይ እንዳይወጣ፣ እታች ተቆራርጦ በሰው ሸክም ይውጣ።

ጣጣው መመሪያው ላይ ነው። የተለመደው መመሪያ ከተዳፋቱ አናት ላይ ቦይ ቆፍሮ የመረቡን ጫፍ መቅበርና በብረት ካስማ መቸንከር ያዛል። ቅርስ ላይ ይህ ጥፋት ነው። ቁፋሮው ገና ያልተጠናውን የአፈር ንብርብር ይቆርጣል፤ ብረቱ ወደፊት በማግኔት የሚደረገውን ጥናት ያዛባል። በእንግሊዝና በስኮትላንድ ደግሞ በ1979ኙ የጥንታዊ ቅርሶች ሕግ (በዌልስ በ2023ቱ ሕግ) መሠረት በተመዘገበ ቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት ወንጀል ነው።

ስለዚህ የተላጠው ቦታ ጠርዝ ሳይነካ፣ ነባሩን አፈር ከአዲሱ የሚለይ ውሃ አሳላፊ ጨርቅ ይነጠፋል። ጨርቁ ሻካራ ይሁን፤ ለስላሳ ከሆነ በላዩ የሚሞላው አዲስ አፈር (ሙሌቱ) በዝናብ ጊዜ ተንሸራቶ ይወርዳል። ከዚያ ድንጋይ የሌለበት ተመሳሳይ አፈር ከሌላ ቦታ መጥቶ፣ በ15 ሳንቲሜትር ንብርብር እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ከምሽጉ ቦይ አፈር መዛቅ አይታሰብም፤ ቦዩም ቅርስ ነው። የአካባቢው ሣር ዘር ተዘርቶ መረቡ ከላይ ወደ ታች ይዘረጋል። የላይኛው ቁራጭ በታችኛው ላይ 15 ሳንቲሜትር ይደርባል፤ የአናቱ ጫፍ የሚቀበረው በአዲሱ ሙሌት ውስጥ ብቻ ነው። በካሬ ሜትር 3 ወይም 4 የእንጨት ካስማ ይበቃል፤ ሙሌቱ 20 ሳንቲሜትር ከሆነ ካስማው ከ15 አይብለጥ። መረቡ ከአፈሩ ጋር ካልተጣበቀ ውሃው በሥሩ ሰርጎ አዲስ ቦይ ያወጣል፤ አብዛኛው ጥገና የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው።

ጥንቸልን አይከለክልም፤ ሣሩ እስኪጠነክር አጥር ያስፈልጋል። ከመግዛት በፊት መለያው ይነበብ፦ አንዳንዱ ቃጫ በፕላስቲክ ክር የተያዘ ነው። ፕላስቲኩ አይበሰብስም፣ እባብና ጃርት ይጠልፋል።